ሌሊት የሚጫነን ማን ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ! ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት በድንገት ነቅተህ፣ ዓይንህ ተከፍቶ ጣሪያውንና መስኮቱን እያየህ፣ እጅህን ለማንሣት ብትሞክር እምቢ ያለህ ጊዜ አለ? ልጩህ ብለህ ድምፅህ ጉሮሮህ ላይ የቀረበት፣ ደረትህን ከባድ ነገር የተጫነህ፣ በበሩ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ የሚያይህ የመሰለህ ጊዜስ? አለ ካልክ ይህ ጽሑፍ ስለ አንተ ነው። አንቺም እህቴ እንዲሁ። የለም የምትል ከሆነም፣ ከቤትህ ሰዎች አንዱ ደርሶበት ሳይነግርህ ቀርቶ ይሆናልና አብረኸኝ ቆይ።

አገራችን ለዚህ ነገር የቆየ ስም አላት፤ ዱካክ ትለዋለች። በተለይ ጫት በሚቃምበት አካባቢ ያደገ ሰው ቃሉን ሳይሰማ አይቀርም። ነገር ግን ስለ ዱካክ በቁም ነገር ተቀምጠን አንነጋገርም። ቀን ቀን መሳቂያችን ነው፤ ሌሊት ሌሊት ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን እንጋፈጠዋለን። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ዛሬ የምጽፈው የራሴን ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም፤ በዝምታዬ ሌላ ሰው ስለተጎዳብኝ ነው።

ዱካክን ያወቅሁት በ1987 ዓ.ም. ነው። ከደሴ ለትምህርት አዲስ አበባ መጥቼ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር መርካቶ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ለፈተና ስንዘጋጅ ሌሊቱን የምንገፋው በጫት ነው። አላህ ይማረንና፣ ያን ጊዜ ጫት ለእኛ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነን ከረምን። ፈተናው አለቀ፤ ከቤት የተላከልን ገንዘብም አብሮ አለቀ። ሳልቅም ዋልኩ፣ አደርኩ። በሦስተኛው ሌሊት፣ የሱብሒ አዛን ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው፣ መጣብኝ።

በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር። ነቃሁ። መንቃቴን በደንብ አውቃለሁ፤ የጓደኛዬን ማንኮራፋት እሰማለሁ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባውን የመንገድ መብራት አያለሁ። ከአንገቴ በታች ያለው አካል ግን የእኔ አልነበረም። ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ካፖርት ቀስ ብሎ ትከሻ አወጣ፤ ቀጥሎ ራስ አወጣ። ካፖርት መሆኑን አውቃለሁ፤ ካፖርት አለመሆኑንም አውቃለሁ። ከዚያ መጥቶ ደረቴ ላይ ወጣ። ትንፋሼ አጠረ። አያተል ኩርሲን ልቀራ ብዬ ምላሴን ባዝዘው አልታዘዘኝም፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልወጣችም። በልቤ ጀመርኩት፤ መካከሉ ላይ ስደርስ ጠፋኝ።

ምናልባት ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ለእኔ ግን ሙሉ ሌሊት ነበር። አዛኑ ሲጀመር አንድ ጣቴ ተንቀሳቀሰች፤ በዚያው ሁሉም ተፈታ።

አንባቢ ሆይ! ከፍርሃቱ ይልቅ የጎዳኝ ይኸው የምላሴ ነገር ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቁርኣን ቤት ተቀምጬ የያዝኩት አንቀጽ በጨነቀኝ ሰዓት አፌ ላይ ካልመጣ እምነቴ የት ነው ያለው? አልኩ። ያን ዕለት ጀመዓ ላይ ቆሜ፣ ኢማሙ ሲቀሩ እኔ የማስበው ምላሴ ላይ ማን እንደተቀመጠ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ፣ ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ የሚለው ጓደኛችን ሳቃስት ሰምቶ ቀሰቀሰኝ። ስነግረው ሳቀ። «ዱካክ ነው እኮ! ጫቱን ስለከለከልከው ተቆጥቶ ነው። ነገ ጥቂት ቀንበጥ ጣል አድርግለት፤ ይተውሃል» አለኝ።

እውነትም ተወኝ። የክፋቱ ክፋት ይኸው ነው፤ ምክሩ ሠራ! ጫት ባቆምኩ ቁጥር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ይመጣል፤ ስቅም ይጠፋል። ስለዚህ ቃምኩ። ለፈተና ሳይሆን፣ ለጨዋታም ሳይሆን፣ ዱካክ እንዳይቆጣ ብዬ ቃምኩ። ጭሰኛ ለባለ መሬት እንደሚገብር አራት ዓመት ሙሉ ገበርኩለት። እንደ እኔ የሚገብር ሰው በዙሪያዬ ሞልቶ ነበር፤ በርጫ ላይ ስለ ዱካክ እያወራ የሚያስቀን ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የሚፈራው ያንኑ ነው።

ለዒድ ደሴ ስሄድ እናቴ ሌሊት ስቃትት ሰማችኝ። ትራሴ ሥር ቢላዋ አደረገች፤ ክፍሉን በዕጣን አጠነች፤ አንድ የሚያውቁ ሰው አሉና ይዩህ እያለች ለመነችኝ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ከፍቅር ነውና አልስቅባትም። ከተናገረችው መካከል አንዱን ግን በኋላ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ «እንደ ሬሳ አትንጋለል ልጄ፤ በጎንህ ተኛ» ትለኝ ነበር። በጀርባ የተኛ ሰው ዱካክ እንደሚበዛበት የዛሬ ሐኪሞችም ይናገራሉ። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑን ደግሞ ቀድሞ የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር፤ አላደርገውም እንጂ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ባልደረባዬ ነው። በ1991 ዓ.ም. መምህር ሆኜ በተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምር ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ነገሩን አወጣሁለት። አልሳቀም። የፈሰሰችውን ሻይ በጣቱ እየነካ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳኝ። እኔም በኋላ እያነበብኩ ጨመርኩበት።

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ዓይኖች ከቆባቸው ሥር በየተወሰነ ጊዜ በፍጥነት እንደሚመላለሱ ገለጹ፤ በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕልም ላይ እንደነበር ይናገራል። ይህ የሕልም እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመለሳል፤ ወደ ንጋት ሲጠጋም እየረዘመ ይሄዳል። የእኔ እንግዳ ከሱብሒ በፊት መምጣትን የመረጠው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት አንጎል ነቅቶ ካለ ሰው አንጎል ብዙም አይለይም። ታዲያ ሕልም የሚያየው ሰው ለምን ተነሥቶ አይሮጥም? ከአንጎል ሥር ያለው ግንድ ጡንቻዎቹን ስለሚያላላቸው ነው። ዓይንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ሲቀሩ ሌላው አካል እንደ ጨርቅ ይሆናል። ሌሊት ልጆች እንዳይወጡ በር ላይ የሚወረወር መቀርቀሪያ በለው፤ አላህ ለባሮቹ ያደረገው ጥበቃ ነው።

ዱካክ ማለት ሰውየው ነቅቶ መቀርቀሪያው ሳይከፈት ሲዘገይ ነው። ዓይን ተከፍቷል፤ አካል ግን ገና ሕልም ውስጥ ነው። የደረት ጡንቻዎች ስለላሉ በረጅሙ ልተንፍስ ያለ ሰው የተጫኑት ይመስለዋል። ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል እየሠራ ነውና ካፖርቱ ጠላት ይሆናል። ምላስም ጡንቻ ነው! ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ምላሴን የያዘው ማንም አልነበረም። ምላሴ ተኝቶ ነበር።

ጫቱስ? ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ሥራውም ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች የሕልሙን እንቅልፍ ይቀንሱታል። ሰውየው ያቆመ ዕለት አንጎል የተነፈገውን ሕልም በአንድ ጊዜ ያስከፍላል፤ ሕልሙ ይበዛል፣ ይገዝፋል፣ ከንቃት ጋርም ይደባለቃል። ስለዚህ የዚያ ጓደኛዬ ምክር ውሸት አልነበረም፤ መቃም በእርግጥ ዱካኩን ይመልሰዋል። ዱካኩ የሚመጣው ግን ጫት ሊለምን አይደለም፤ ጫቱ ራሱ የቆለለውን ዕዳ ይዞ ነው።

በዚያው ዓመት ተውኩ። እንደሚመጣ አውቄ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተዘጋጅቼ ጠበቅሁት። መጣም። ሦስት ሳምንት ያህል ተመላለሰ። እጄን ለማንሣት መታገሉን ትቼ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ብቻ ለማነቃነቅ እሞክራለሁ፤ ምላሴን አላስቸግረውም፤ በልቤ ዚክር አደርጋለሁ። ከዚያ እየራቀ ሄደ። ዛሬም እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። አልፈራውም ብል ውሸት ነው፤ ግን አልገብርለትም።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ የፈረንጅ ትርጓሜ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። አይደለም! ዐረቦች ይህን ነገር ካቡስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ983 የሞተው የቡኻራው ሐኪም አል-አኸወይኒ በሕክምና መጽሐፉ ውስጥ ለካቡስ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኢብን ሲናም (980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው ታላቅ ሥራው ከራስ ሕመሞች ጋር ቆጥሮታል፤ ሰው እንቅልፍ ሲገባ ከባድ ነገር እንደሚወድቅበት፣ ትንፋሹ እንደሚጠብ፣ ድምፁና እንቅስቃሴው እንደሚታገድ ጽፏል። መንስኤው ወደ አንጎል የሚወጣ እንፋሎት ነው ማለታቸውን ዛሬ አንቀበልም። ቢሆንም ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሙስሊም ሐኪሞች ይህን ሕመም በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ሲያስቀምጡት እኛ ቢላዋ ትራስ ሥር ማስቀመጣችን ያሳዝናል።

የጅንን መኖር እክዳለሁ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቁርኣን የተናገረውን ማን ይክዳል? መጥፎ ሕልም ያየ ሰው በአላህ እንዲጠበቅ፣ ወደ ግራው ሦስት ጊዜ ትፍ እንዲል፣ ጎኑን እንዲቀይር፣ ሕልሙንም ለሰው እንዳያወራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሕልምህን አታውራ ማለት ግን ሕመምህን ደብቅ ማለት አይደለም። ያልገባን ነገር ሁሉ ጅን ነው ማለትም ሌላ ነገር ነው። ፍርሃቱ ራሱ ነገሩን ያከብደዋል። ባላንድ ጀላልና ዴቨን ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው ግብፃውያን 44 ከመቶው፣ ከዴንማርካውያኑ ደግሞ 25 ከመቶው ዱካክ ደርሶባቸው ያውቃል። በግብፃውያኑ ላይ ይደጋገማል፣ ይረዝማል፣ እሞታለሁ የሚለው ፍርሃትም ይበረታል። ፈርቶ የተኛ ሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ዱካክን መልሶ ይጠራል።

የሌሊት ነገር ሁሉ ዱካክ አይደለም። የእህቴ ልጅ በሰባት ዓመቱ፣ ከተኛ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑን ከፍቶ ተነሥቶ በቤት ውስጥ ይዞር ነበር፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ይህ በሌሊቱ መጀመሪያ ከሚመጣው ጥልቅ እንቅልፍ በግማሽ መንቃት ነው፤ በልጆች ላይ ይበዛል፤ አብዛኞቹንም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። በሩን እየቆለፍን፣ ሳንጮህበት ወደ አልጋው እየመለስን ቆየን፤ ተወው። ሌሊት የሚመጣ የሚጥል በሽታም አንዳንዴ ይህን ሊመስል ይችላልና የሚደጋገም ከሆነ ሐኪም ማየቱ ደግ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ። ያን ሁሉ የዞርኩት ይህን ለመናገር ነው።

አጎቴ ደሴ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ዝምተኛ፣ ቃላቸው የታመነ፣ በሰው ላይ እጃቸውን አንሥተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ሌሊት መጮህ ጀመሩ። ቀጥሎ መማታት መጣ። ተኝተው ሳለ በቡጢ ይመታሉ፣ በእርግጫ ይራገጣሉ፤ አንድ ሌሊት ከአልጋ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ። ሌላ ሌሊት የእትዬን፣ የባለቤታቸውን፣ ዓይን መቱት። እትዬ ሳምንት ሙሉ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ዋለች። ጎረቤት ግን ዓይን አለው፤ አፍም አለው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የተማረ የወንድም ልጅ ተብዬ እኔም ከአዲስ አበባ ተጠርቼ ተቀመጥኩ። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው «ወላሂ እሷን አላየኋትም። ሱቁን የሚሰብር ሌባ ነበር የታየኝ» አሉ። አንዱ ሽማግሌ «ሚስት መምቻ ሕልም ተገኘ!» ብለው ሳቁ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሕልም ሰውን ምን ሊያደርገው እንደሚችል ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቅ እኔ ነበርኩ። ተነሥቼ ቆይ ይህ ሰው ይታመም ይሆናል፣ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኛል ብል ኖሮ! አፈርኩ። ዱካክ ይጫነው ነበር እንዳልባል ብዬ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ ስንወጣ በር ላይ «አጎቴ፣ እትዬን አይበድሏት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ መልስ አልሰጡኝም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ፍራሿን አንሥታ ከልጆቹ ክፍል ገባች። ዘመዶች አጎቴን ጅን አወጣለሁ ወደሚል አንድ ሰው ዘንድ ወሰዷቸው። በዱላ ተመትተው ጀርባቸው አብጦ ተመለሱ፤ ያን ሌሊትም እንደ ወትሮው ጮኹ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2010 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አረማመዳቸውም እየከበደ ሄደ። አዲስ አበባ አምጥተን ለአንድ የነርቭ ሐኪም አሳየናቸው፤ እትዬም አብራ መጥታ ነበር። ሐኪሙ እጃቸውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አስነሥቶ አስኬዳቸው። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ሌሊት ተኝተው ይጮሃሉ? ይማታሉ?» ሲል ጠየቃት።

እትዬ ደነገጠች። በቤተሰቡ ውስጥ የተቀበረውን ገመና ማን ነገረው ብላ ወደ እኔ አየች። ማንም አልነገረውም። በሽታው ራሱ ነው የነገረው።

ቀስ ብሎ አስረዳን። የአጎቴ ነገር የዱካክ ተቃራኒ ነው፤ በእኔ መቀርቀሪያው ሳይከፈት ይዘገያል፣ በእርሳቸው ግን ጭራሹን አይዘጋም። ሕልሙ ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል። ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የድመቶችን የአንጎል ግንድ በትንሹ ሲጎዳ፣ ድመቶቹ በሕልም እንቅልፋቸው ተነሥተው በሌለ ነገር ላይ ሲያደቡና ሲዋጉ አይቷል። በሰው ላይ ደግሞ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ በአሜሪካ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1986 በሽታ ብለው ለዩት። የበለጠ የሚከብደው ቀጥሎ ያገኙት ነው፤ ከተከታተሏቸው 29 ጎልማሳና አዛውንት ወንዶች እስከ 1996 ድረስ 11ዱ ፓርኪንሰን በሚባለው በሽታ ወይም በሚመስለው ተያዙ፤ ከ16 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ አራት አምስተኛ ገደማ ደረሰ። የአጎቴ ሌሊት ከእጃቸው መንቀጥቀጥ ሰባት ዓመት ቀድሞ ሲጮህ የነበረው ይህንኑ ነው። እኛ ሽማግሌ አስቀመጥንበት።

አስቀድመን ብንመጣ ይድኑ ነበር ወይ? ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም፤ ሌሊቱን ግን ማስታገስ፣ ከመውደቅና ከመማታት መጠበቅ ይቻል ነበር አለኝ። ከመኝታ በፊት የሚወሰድ ክኒን ጻፈላቸው፤ ከአልጋው አጠገብ ስለት ያለውና የሚሰበር ነገር ሁሉ እንዲነሣም መከረ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ምንም አላሉም። እትዬ ግን ከወንበሯ ወደ ፊት ሳብ ብላ፣ «ይኸን ሁሉ ጊዜ እኔን አልነበረም የሚመታው?» አለች።

«አይደለም እናቴ» አላት ሐኪሙ።

«ሌባውን ነበር?»

«አዎ፣ ሌባውን።»

አጎቴ አንገታቸውን እንደደፉ፣ «ነግሬሽ ነበር እኮ» አሉ።

አላህ ይዘንላቸውና ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ደሴ በተመለሱ ዕለት ማታ እትዬ የፋኖስ ማስቀመጫውን ጠረጴዛና የሻይ ብርጭቆዎቹን ከክፍሉ አወጣች። ከዚያ ከልጆቹ ክፍል ፍራሿን ጎትታ አምጥታ፣ ከአልጋቸው እግር አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ፣ መሬት ላይ አነጠፈችው።